የዐፄ ቴዎድሮስ ሕይወትና የሀብት አደራ

 

በየዓመቱ ለምትወጣው ለዚህች መጽሔታችን የበኩላችሁን ጻፉ በተባልን ጊዜ ምን እንጻፍ ብለን ብዙ አሰብን። መቼም በስብሰባዎቻችን ላይ ሁልጊዜ እየተነሣ የሚወድቅ አንድ ጉዳይ አለ፤ እሱም የገንዘብ ጉዳይ ነው። ከፊሉ አባል የተጠራቀመው ገንዘብ ለቀብርና ለሐዘን ብቻ ይቀመጥ ይላል። ከፊሉ ደግሞ ሰው በሕይወት ሳለ ሲራብና ሲታመም ዝም ብለን አይተን፣ ሲሞት ድንኳን ብንተክልለት ምን ይረባዋል ይላል። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ይኼ ክርክር ግን በኛ አልተጀመረም። ከኛ በፊት፣ እጅግ ሰፊ በሆነ ማዕድ ላይ ተነሥቶ ነበር። መጨረሻው ምን እንደሆነ በአንድ ሰው ሕይወት ብናየው ይጠቅመናል ብለን ነው ይህችን ጽሑፍ ያዘጋጀነው። ሰውየውም ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው።

ዐፄ ቴዎድሮስን የማያውቅ የለም። መድፋቸውን፣ ጀግንነታቸውንና የመቅደላውን ፍጻሜያቸውን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ ነው ያደግነው። በጂንካ ከተማም ሆነ በኦሞ ዳር ባለችው በኮልቾ ያለ ተማሪ ቢጠየቅ ይናገረዋል። ስለ ሀብት፣ ስለ ድሃና ስለ አደራ ያደረጉት ነገር ግን ብዙ ጊዜ አይነሣም። እኛ የታሪክ ሊቅ አይደለንም፤ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ያላለፍን፣ ዕድሜያችንን በመሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ የፈጀን ሰዎች ነን። ስለዚህ ጦርነቱን ለሊቃውንቱ ትተን፣ ገቢና ወጪ በለመደው ዓይናችን የሕይወታቸውን ሂሳብ እንመልከት።

ቴዎድሮስ የዙፋን ስማቸው ነው። የተወለዱት በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ሲሆን፣ ስማቸው ካሣ ኃይሉ ነበር። አባቱ ገና በሕፃንነቱ ሞቱበት። እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ችግር ላይ ወድቀው ነበርና፣ በጎንደር ኮሶ እየሸጡ ልጃቸውን አሳደጉ ተብሎ ይወራል። ወሬው እውነት ይሁን ሐሰት፣ ባላንጣዎቹ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይሰድቡት እንደነበር የታወቀ ነው። እስቲ አስቡት! ኮሶ መሸጥ ሌብነት አይደለም፤ ልጅን በላብ ማሳደግ ነው። ነገር ግን ያን ጊዜም ሆነ ዛሬ ድህነትን እንደ ነውር የሚቆጥር ሰው አይጠፋም። ካሣም ይህችን ስድብ እስኪሞት ድረስ አልረሳትም።

እናቱ ከጎንደርና ከጣና ሐይቅ መካከል በነበረ የተክለ ሃይማኖት ገዳም ለትምህርት ሰጡት። እዚያም ዳዊቱንና መጻሕፍቱን ተማረ። የቤተ ክርስቲያንን ነገር ከውጭ ሆኖ ሳይሆን ከውስጥ፣ እንደ ድሃ ተማሪ ሆኖ ነው ያወቀው። ዘመኑ ግን ዘመነ መሳፍንት ነበርና ገዳም እንኳ መጠጊያ አልሆነም። በጦርነት የተሸነፈ አንድ ደጃዝማች ንዴቱን በገዳሙ ላይ ተወጣ፤ ብዙ ልጆች አለቁ፤ ካሣ አምልጦ ወጣ። መሳፍንቱ ሲጣሉ ዕዳውን የሚከፍለው ምንም የማያውቀው ሕፃንና ምንም የሌለው ገበሬ መሆኑን በዓይኑ አየ።

ከዚያ በኋላ ዘመዱን ደጃዝማች ክንፉን አገለገለ። ደጃዝማች ክንፉ ሲሞቱ አገሩ ለእቴጌ መነን ሆነ፤ ካሣ የድርሻውን ቢያጣ ወደ ቋራ በረሃ ወርዶ ሸፈተ። ሽፍታ ደግሞ የሚኖረው በዘረፋ ነው፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ነገር ግን በአገሩ ረኃብ በገባ ጊዜ ያደረገው ነገር ስሙን አስጠራው። ከዘረፋ ያገኘውን ገንዘብ ለችግረኛው ገበሬ አከፋፈለና ዶማ ገዝታችሁ ቆፍሩ፣ ዝሩ አላቸው። ራሱም ከነጭፍሮቹ ጫካ መንጥሮ አረሰ። ገንዘቡን ለአንድ ቀን ራት ሊሰጣቸው ይችል ነበር፤ እሱ ግን ለዓመት እንጀራ የሚሆን ዶማ አስገዛቸው።

ይህን ነገር የኮልቾ ሰው ከማንም ይበልጥ ይረዳዋል። በኮልቾ የካሮ ሕዝብ የኦሞ ወንዝ ሞልቶ ሲመለስ በሚተወው ጭቃ ላይ ማሽላ ይዘራል። ግልገል ጊቤ ሦስት ከተሠራ ወዲህ ደግሞ የወንዙ ሙላት እንደ ድሮው አይደለም። እንዲህ ባለ አገር ዘሩን የበላ ሰው ለሚመጣው ዓመት ምንም የለውም፤ ዘሩን ቆልፎ ልጁን በረኃብ የገደለም ሰው ብልህ አይባልም። የትኛው ለመብል፣ የትኛው ለዘር እንደሆነ መለየት ነው የመጋቢነት ሥራ። ካሣ በቋራ ይህን ለይቶ ነበር።

ሆኖም ያ ገንዘብ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፣ ከሌላ ሰው ተነጥቆ ነው የሚል መልስ ያገኛል። ለድሃ መስጠት መልካም ነው፤ ከሰው ነጥቆ መስጠት ግን የተነጠቀውን ሰው ዕዳ ውስጥ ያስገባል። ያን ጊዜ ነገሩ ትንሽ ነበርና ማንም ልብ አላለውም። ኋላ ላይ ግን አድጎ መጣ።

የካሣ ኃይል እየጠነከረ ቢሄድ እቴጌ መነንና ልጃቸው ራስ ዓሊ በዝምድና ሊይዙት ፈለጉና የራስ ዓሊን ልጅ ወይዘሮ ተዋበችን ዳሩለት። ተዋበች በፖለቲካ የተሰጠች ሙሽራ ብትሆንም ታማኝ ሚስት ሆነች። ባለቤቷን በምክር የምታበርድ እሷ ነበረች ይባላል። ካሣ በኅዳር 1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹን፣ በሰኔ 1845 ዓ.ም. በአይሻል ራስ ዓሊን አሸነፈ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደግሞ በደረስጌ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርጎ፣ ውቤ ለራሳቸው ዘውድ ባሠሯት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብቶ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባለ። የኮሶ ሻጭ ልጅ የተባለው ሰው ንጉሠ ነገሥት ሆነ።

እንግዲህ የአገሩን መዝገብ ሲከፍቱ ያገኙት ምን ነበር? ወታደር ደመወዝ የለውም። በየገበሬው ቤት እየገባ የገበሬውን እህል ይበላል፤ በጉን ያርዳል፤ ሚስቱን እንደ ገረድ ያዝዛል። በዚህ ምክንያት ገበሬው እርሻውን እየተወ እሱም ወታደር ወይም ሽፍታ ይሆናል። አራሹ እየቀነሰ በላተኛው እየበዛ ሄደ ማለት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ገበሬው ወደ እርሻው፣ ነጋዴው ወደ ንግዱ፣ ሁሉም ወደ አባቱ ሥራ ይመለስ ብለው አዋጅ አስነገሩ። ሰውን በገንዘብ የሚለውጠውን የባሪያ ንግድ ከለከሉ። ነጋዴን ያስመረሩትን የቀረጥ በሮች አሳነሱ። ወታደሩም ገበሬ ላይ ከሚወድቅ ይልቅ ከመንግሥት ደመወዝ እንዲበላ አሰቡ። ይህ በዚያ ዘመን ትልቅ አሳብ ነበር።

አሳብ ብቻውን ግን አይከፍልም፤ ደመወዝ ገንዘብ ይፈልጋል። ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ገበሬው ደክሟል። መሳፍንቱ አምፀዋል። ከዚያ በተረፈ ብዙ መሬት በእጁ የነበረው ቤተ ክህነት ነው። የአገሩ ሲሶ የቤተ ክህነት ነው ይባል ነበር፤ ልኩ ምንም ይሁን ምን፣ በገዳምነት፣ በሪምና በመስቀል መሬት ስም የተያዘው ርስት ብዙ መሆኑን የሚክድ አልነበረም። አንዳንዱ ደብር በመቶ የሚቆጠር ካህንና ደብተራ ነበረው፤ ሁሉም መሬት ይዞ ይበላል፤ ግብርም አይከፍልም።

በ1848 ዓ.ም. በጎንደር ንጉሠ ነገሥቱና ካህናቱ በዚህ ነገር ፊት ለፊት ተገናኙ። ንጉሡ ያነሡት ጥያቄ ቀላል ነው፤ መሬቱን ሁሉ እናንተ ከያዛችሁት እኔ ምን ልብላ፣ ወታደሬንስ ምን ላብላ የሚል ነው። ቅዳሴ ከአምስት ልዑካን በታች እንደማይቀደስ የታወቀ ነውና፣ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፤ የነዚህን መተዳደሪያ አስቀርተን የተረፈው መሬት ግብር ለሚከፍል ገበሬ ይሰጥ አሉ። ካህናቱ ደግሞ እንደ ቀድሞ ነገሥታት ከአገር ወደ አገር እየተዘዋወሩ እየበሉ መኖር ይሻላል ብለው መለሱ። ይህ መልስ ንጉሡን ይበልጥ አስቆጣቸው፤ መዞሩና መብላቱ እኮ ነው ገበሬውን ያጠፋው!

እዚህ ላይ ለሁለቱም ወገን ቅን ፍርድ መስጠት ይገባናል። የካህናቱ ነገር ሁሉ ስስት ነው ማለት አይቻልም። ያ መሬት የተሰጠው በቀደሙት ነገሥታትና ምእመናን ነው፤ ለነፍሳችን ጸልዩልን፣ ስማችንን በቅዳሴ ጥሩልን ብለው፣ የነካ የተገዘተ ይሁን ብለው የሰጡት አደራ ነው። ተማሪ የሚማረው፣ መጻሕፍት የሚጻፉት፣ መንገደኛና ደካማ የሚጠጋው በዚያ ነበር። የሟቾች አደራ ምን ያህል እንደሚከብድ ለእድር አባል ማስረዳት አያስፈልግም። በሌላ በኩል ደግሞ የንጉሡ ጥያቄ እውነት ነበር። በክርስትና ትምህርት ሀብት የእግዚአብሔር ነው፤ ሰው መጋቢ ብቻ ነው፤ መጋቢ ደግሞ ምን አደረግህበት ተብሎ ይጠየቃል። መክሊቱን ቀብሮ ያስቀመጠው አገልጋይ ምሳሌ የተነገረው ለነጋዴ ብቻ አይደለም፤ መሬት ለያዘ ካህንም፣ ሣጥን ለያዘ የእድር ገንዘብ ያዥም ነው። ድሃው እየተራበ የቤተ ክርስቲያን ሀብት ከአገልግሎቱ በላይ ሲከማች፣ አደራው ተጠብቋል ወይስ ተቀብሯል ብሎ መጠየቅ ኃጢአት አይደለም።

በጥያቄው ንጉሡ ትክክል ነበሩ። ጉድለቱ የመጣው ጥያቄው በተፈጸመበት መንገድ ነው። ያን ጊዜ ስብሰባው ያለ ስምምነት ተበተነ። ከአራት ዓመት በኋላ በ1852 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የሰው ስምምነት መጠበቁን ትተው ትርፍ ያሉትን የቤተ ክርስቲያን መሬት ወስደው ግብር ለሚከፍል ገበሬ ሰጡ። መሬቱ ለገበሬ መድረሱ መልካም ሆነ፤ አደራውን የሚጠብቁት ሰዎች ግን ካዱ። በየሰንበቱ በየደብሩ የሚሰማቸው ሕዝብ ነበራቸውና፣ ካህናቱ ከንጉሡ ሲርቁ ሕዝቡም ራቀ። በየአገሩ ለሸፈተው ሁሉ ምክንያት ተገኘለት። ዘውድ የደፉላቸው አቡነ ሰላማም ከንጉሡ ጋር ተጣልተው በ1856 ዓ.ም. በመቅደላ ታሰሩ፤ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. እዚያው እስር ቤት አረፉ። ወይዘሮ ተዋበች አስቀድመው በ1850 ዓ.ም. ሞተው ነበርና ንጉሡን የሚያበርድ ሰው አልቀረም።

ለራሳቸው ግን ስስታም አልነበሩም። ይህን ወዳጅም ጠላትም መስክሮላቸዋል። በ1847 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቆንሲል የነበረው ፕላውደን ለመንግሥቱ በላከው ጽሑፍ፣ ሰውየው እጅግ ለጋስ እንደሆኑና ከጦር መሣሪያ በቀር ለሌላ ዕቃ ጉጉት እንደሌላቸው ገልጿል። ከድንኳን ድንኳን እየተዘዋወሩ ኖሩ፤ ግንብ ቤተ መንግሥት ለራሳቸው አላሠሩም። መንገድ ሲሠራ ከወታደሩ እኩል ወርደው ድንጋይ ይሸከሙ ነበር። ንጉሥ ድንጋይ ሲሸከም የቆመ መኳንንት ይኖራል? የለም። በምሳሌነታቸው ሰውን ሁሉ ለሥራ አስነሡ።

ያ የጦር መሣሪያ ጉጉት ግን ብዙ በላ። ደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት በአውሮፓውያን ሠራተኞች መድፍ አሠሩ። ከሁሉ የበለጠው ሴባስቶፖል የተባለው ሲሆን ክብደቱ ሰባ ኩንታል ያህል ነበር። እስከ ዛሬ በመቅደላ አለ፤ ምስሉም በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ዓላማው አገርን ማስከበር ነበርና አንነቅፈውም። ብቻ እኛ መዝገብ የለመድን ሰዎች የምንጠይቀው ጥያቄ አለ። የሚገባው እየቀነሰ የሚወጣው ሲጨምር ልዩነቱን የሚሞላው ማነው? በዚያ ዘመን እንደ ዛሬው ገቢና ወጪ በበጀት ተለይቶ የሚታወቅበት ሥርዓት አልነበረም። የገንዘብ ሚኒስቴር እንኳ የተቋቋመው ቆይቶ በ1900 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክ ጊዜ ነው። ስለዚህ ልዩነቱን የሞላው ሰይፍ ሆነ።

ስልሳ ሺህ ይሆናል ይባል የነበረው ሠራዊት እየከዳ እየከዳ በ1858 ዓ.ም. ገደማ ወደ አሥር ሺህ ወረደ። ግብር የሚያስገባ አገር ጠበበ። የቀረውን ሠራዊት ለማብላት ንጉሡ በእጃቸው የቀረውን በጌምድርን ዘረፉት። ይኸውላችሁ፣ ወታደር ገበሬውን አይብላ ብለው የተነሡት ንጉሥ፣ ገበሬውን በወታደር አስበሉት። በኅዳር 1859 ዓ.ም. ደግሞ ጎንደር ገቡና አብያተ ክርስቲያናቱን አስዘረፉ፤ ከተማዋንም አቃጠሉ። አርባ አራት ታቦት ያላት የምትባለዋ ጎንደር የዘመናት ንዋየ ቅድሳቷን፣ መስቀሏን፣ ጽናጽሏንና መጻሕፍቷን አጣች።

ዕቃው ለግል ጥቅም አልዋለም። መጻሕፍቱንና ንዋየ ቅድሳቱን ወደ መቅደላ አስጭነው በዚያ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ታላቅ ግምጃ ቤትና የመጻሕፍት ቤት ሊያደርጉለት አስበው ነበር። የአንዱን ቤተ ክርስቲያን አራቁቶ ሌላውን ቤተ ክርስቲያን ማልበስ! አሳቡ የጽድቅ መልክ አለው፤ የተራቆተው ግን ይህን እንደ ጽድቅ አያየውም። ቋራ በረሃ ላይ ትንሽ የነበረችው ነገር፣ ከአንዱ ነጥቆ ለሌላው መስጠት፣ እዚህ ደረሰች።

ቀሪውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ለንግሥት ቪክቶሪያ ለላኩት ደብዳቤ መልስ ቢያጡ የእንግሊዝን ቆንሲልና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። እንግሊዝም በጄኔራል ናፒየር የሚመራ ጦር ከሕንድ በመርከብ ላከች። ያ ጦር ከባሕር ዳር እስከ መቅደላ ሲመጣ መንገድ የዘጋበት የለም። ለምን ቢባል፣ የተነጠቀ ሰው ለነጠቀው ሲል አይሞትም። የራሳቸው ሠራዊት ጥቂት ሺህ ብቻ ቀርቶ ነበር። በስቅለት ዕለት ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ ተሸነፉ። እስረኞቹን ለቀቁ፤ ለፋሲካ ብለውም አንድ ሺህ ላምና አምስት መቶ በግ ለእንግሊዞቹ ላኩ። ናፒየር ስጦታውን አልተቀበለም። በትንሣኤ ማግሥት ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ሲሰበር፣ እጃቸውን ለባዕድ ከመስጠት ሞትን መርጠው በሽጉጣቸው ሞቱ።

ከሞታቸው በኋላ የሆነው ነገር ደግሞ ለኛ ትምህርት ከሁሉ ይበልጣል። ከጎንደር ተነጥቆ መቅደላ የተከማቸው ሀብት በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ስለተገኘ እንግሊዞቹ በአንድ ቀን ዘረፉት። አሥራ አምስት ዝሆንና ሁለት መቶ ያህል በቅሎ ጭነው ወደ ደላንታ ሜዳ ወሰዱትና በዚያ ሁለት ቀን ሙሉ በጨረታ ሸጡት። የተገኘው ገንዘብ አምስት ሺህ ፓውንድ ያህል ነበር። ከብሪቲሽ ሙዚየም የመጣ አንድ ሰው የጳጳስ ዘውድና የወርቅ ጽዋ ከአንድ ወታደር ላይ በአራት ፓውንድ ገዛ። ካህኑ ለዘመናት ያመሰገነበት ጽዋ ዋጋው ይኼ ሆነ። ብዙዎቹ መጻሕፍት በእንግሊዝ አገር ቀሩ። አሥራ አንድ ጽላቶች በብሪቲሽ ሙዚየም ገብተዋል። በኤዲንበርግ ቤተ ክርስቲያን ተቀምጦ የተገኘ አንድ ጽላት በ1994 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ ነቅሎ ወጥቶ በእልልታ ተቀብሎታል።

አንድ ነገር እንጨምር። ያ ዘመቻ እንግሊዝን ዘጠኝ ሚሊዮን ፓውንድ ያህል አስወጣት፤ አስቀድሞ የታሰበው ሁለት ሚሊዮን ነበር። ምክር ቤታቸው ኮሚቴ አቋቁሞ ይኼ ሁሉ ገንዘብ የት ገባ ብሎ መረመረ። ከዓመታት በኋላም ጠቅላይ ሚኒስትራቸው ግላድስተን ስለ ተወሰደው ዕቃ ማዘኑን በዚያው ምክር ቤት ተናግሯል። ድል ያደረገ መንግሥት እንኳ ከሂሳብ አያመልጥም ማለት ነው። ጥፋታቸውን ይህ አያጸድቀውም፤ የመጠየቅን ሥርዓት ግን ከጠላትም ቢሆን መማር ይቻላል።

የንጉሡ ልጅ ዓለማየሁ የሰባት ዓመት ሕፃን ሳለ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ሞቱ። እሱም በኅዳር 1872 ዓ.ም. በአሥራ ስምንት ዓመቱ በባዕድ አገር ሞቶ በዊንድሶር ተቀበረ። ዘመድ ያልከበበው፣ የአገሩ ሰው አፈር ያላለበሰው ቀብር ነው። እኛ የእድር ሰዎች ይህን ስንሰማ ሌላው ሁሉ ቢቀር ይኼ ያንገበግበናል። ያ ሁሉ ሀብት ለልጁ አንድ ለቀስተኛ አልገዛለትም።

እንግዲህ ሂሳቡን እንዝጋ። ዐፄ ቴዎድሮስ ገንዘብ ወዳድ አልነበሩም፤ ድሃን ንቀው አያውቁም፤ የተከማቸ ሀብት ለማን ነው ብለው መጠየቃቸውም ትክክል ነበር። ካህናቱም አደራችንን አንሰጥም ማለታቸው ከንቱ አልነበረም። የጠፋው በሁለቱ መካከል የሚያስማማው ነገር ነው። ካህናቱ የያዙትን ሀብት ሂሳብ ለማሳየትና ለድሃው ለማካፈል በራሳቸው ፈቃድ ቢነሡ ኖሮ፣ ንጉሡም በጉልበት ከመንጠቅ ይልቅ ሰውን በማስማማት ቢታገሡ ኖሮ፣ ያ መሬት ለገበሬውም ለቤተ ክርስቲያኑም ይበቃ ነበር። አንደኛው ወገን አደራውን ቀበረው፤ ሁለተኛው ወገን በሰይፍ ቆፍሮ አወጣው። መጨረሻ ላይ ሦስተኛው ሰው መጥቶ በዝሆን ጭኖት ሄደ።

ወደ ራሳችን ሣጥን ስንመለስ ነገሩ ይኸው ነው። የእድር ገንዘብ የሀብታም ትርፍ አይደለም። ባልቴቷ ከጉሊቷ፣ የቀን ሠራተኛው ከላቡ፣ ጡረተኛው ከጡረታው እየቀነሰ ያዋጣው ነው። ስለዚህ ለብቻው የሚያዝበት ሰው የለም፤ ዳኛውም፣ ገንዘብ ያዡም፣ ጸሐፊውም መጋቢዎች ብቻ ናቸው። ገንዘቡ ዝም ብሎ ተቆልፎ በአጠገቡ አባል በረኃብ ቢሰቃይ፣ መክሊቱን እንደ ቀበረው አገልጋይ መሆናችን ነው። ደግሞም አዘንኩለት ብሎ አንድ ሰው ያለ ስብሰባ ውሳኔ ከሣጥኑ አውጥቶ ቢሰጥ፣ ልቡ ርኅሩኅ ቢሆንም እጁ የሰው አደራ ነክቷል። ዛሬ ለደግ ነገር የተከፈተ ሣጥን ነገ ለክፉ ነገርም ይከፈታል።

ስለዚህ የኛ አሳብ ይህ ነው። ለቀብርና ለሐዘን የሚበቃው መጠን እንደ ዘር ተለይቶ ይቀመጥ፤ እሱን ማንም አይንካው። ከዚያ የተረፈው ለታመመና ለተቸገረ አባል መርጃ እንዲሆን በጠቅላላ ጉባኤ ይወሰን። ማን ምን ያህል እንደሚረዳ አስቀድሞ በመተዳደሪያ ደንባችን ይጻፍ፤ በፊት ዝምድና በኋላ ችግር እየታየ እንዳይሰጥ። የተረዳው ሰው ስም በየሰዉ አፍ እንዳይንገላታ ለኮሚቴው ብቻ ይታወቅ፤ ድህነት ነውር አይደለምና ማንም የኮሶ ሻጭ ልጅ ተብሎ አይሰደብ። ሂሳቡ ግን በየዓመቱ ከመጀመሪያው ሳንቲም እስከ መጨረሻው በአባላት ፊት ይነበብ። የሚነበብ ሂሳብ ያለው ማኅበር ሰይፍ አያስፈልገውም።

 ያልተስማማችሁበት ነገር ቢኖር በሚቀጥለው ጉባኤ ተነሥታችሁ ተናገሩ፤ ስብሰባ የሚጠራው ለዚህ ነውና። እግዚአብሔር የያዝነውን አደራ የምንጠብቅበት ልብና የተቸገረውን የምናይበት ዓይን ይስጠን። ለከርሞው በጤና ያገናኘን፤ አሜን።